ሙቀቱን ብቻ ነው የማውቀው

ገብረ ክርስቶስ ሚስቱን ከቀበረ ሦስት ዓመት አልፎታል። የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ሽቅብ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል። ልጅ አልወለዱም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለተማረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን ያስተምራል። መምህር የሚባለው እዚያ ነው። በቀሩት ቀናት የሚጠራው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ረቡዕ ላይ ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲጠይቅ ድምፁ ሻክሮ ይወጣል፤ ከእሁድ ጀምሮ አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ ያኔ ይታወቀዋል።

በግንቦት ወር ሦስት ተማሪዎች መጡለት። ሁለቱ ሊጋቡ ቀን የቆረጡ ወጣቶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ሶሬቲ ትባላለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ መገናኛ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ናት። የተወለደችው ከእንጦጦ ማዶ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም። በሰባት ዓመቷ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ እዚያ እያለች እናትና አባቷ ተከታትለው ሞቱ። ተጠምቃ አታውቅም። ነጭ ዘንጓን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና፣ ሌሎቹ ሲጽፉ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ትምህርቱ ምሥጢረ ሥላሴ ላይ ደረሰ። ገብረ ክርስቶስ ለዓመታት ሲያስተምር እንደኖረው ጀመረ።

«ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ናቸው፤ በባሕርይ፣ በመለኮት አንድ ናቸው። ይህ ለአእምሮ ስለሚከብድ አባቶቻችን በምሳሌ አስረዱን። ፀሐይን ተመልከቱ። ክበቧ አለ፣ ብርሃኗ አለ፣ ሙቀቷ አለ። ሦስት ፀሐይ ግን አንልም። ክበቧ የአብ፣ ብርሃኗ የወልድ፣ ሙቀቷ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ነው።»

እጮኛሞቹ ጻፉ። ሶሬቲ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እኔ ሁለቱን አላውቃቸውም።»

«የትኞቹን?»

«ክበቡንና ብርሃኑን። ሙቀቱን ብቻ ነው የማውቀው። ታዲያ ለእኔ የቀረኝ መንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው?»

ቀልዷን አልነበረም። ከእጮኛሞቹ ወንዱ ፈገግ ሊል ሲል ሴቷ ስትጎሽመው ተወው።  ገብረ ክርስቶስ የእሳትን ምሳሌ ሊያመጣ አሰበና፣ እሳትም ያው አካል፣ ብርሃንና ሙቀት መሆኑ ትዝ ሲለው ሐሳቡን ጣለው። ስፋት፣ ርጥበትና ሞገድ ስላለው ባሕርም አሰበ፤ ስፋቱን በምን ታየዋለች?

«አስቤበት እመጣለሁ» አላት። ማስተማር ከጀመረ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ በጉዳዩ ተያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑ አጠረበት። ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ወንበር እየተደገፈ ዞረ፤ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ቅልጥሙ አበጠ። ይህን የሚነግረው ሰው ቢፈልግ አጣ። ሚስቱ ሀይማኖት ብትኖር ሆዷን ይዛ በሳቀችበት ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ እጮኛሞቹ ለሠርጋቸው ጉዳይ ቀርተው ሶሬቲ ብቻ መጣች።

«ሌላ ምሳሌ አለ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ሰው ልብ አለው፣ ቃል አለው፣ እስትንፋስ አለው። ቃሉ ከልቡ ይወለዳል፣ እስትንፋሱም ከልቡ ይወጣል። ሰውየው ግን አንድ ነው። ልቡ የአብ፣ ቃሉ የወልድ፣ እስትንፋሱ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ነው።»

ሶሬቲ ፊቷ በራ። «ይሄንን አውቀዋለሁ! ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ የምሰማው ትንፋሹን ነው። የተናደደ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ያስታውቃል። ከዚያ ቃሉ ይመጣል። ልቡን ግን በቃሉ ካልሆነ በምንም ላውቀው አልችልም።»

«እኔ ካልኩት የተሻለ አልሽው። አብን ያየው የለም፤ በልጁ፣ በቃሉ ነው ያወቅነው።»

ለአፍታ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ሶሬቲ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ መምህር።»

«ምን?»

«ልብም ቃልም እስትንፋስም ያለው እኮ አንድ ሰው ነው። በሩን ዘግቶ ብቻውን ሊቀመጥ ይችላል። እርስዎ ግን አብ ወልድን ይወዳል ብለውናል። እኔ ልቤ ቃሌን ይወደዋል አልልም።»

«ልክ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ምሳሌው እዚያ ድረስ አይሄድም። ሦስት አካላት የምንለውም ለዚህ ነው። ዓለም ሳይፈጠር፣ መላእክት እንኳ ሳይኖሩ፣ አብ ወልድን ይወድ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስም ከእነሱ ጋር ነበር። እግዚአብሔር ብቻውን ሆኖ አያውቅም።»

ይህንን ብዙ ጊዜ አስተምሯል። ዛሬ ግን «ብቻውን» ሲል የራሱ ቤት ታየው።

«ሆኖ አያውቅም?» አለች ሶሬቲ። «ታዲያ ብቸኝነት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ገብረ ክርስቶስ ዝናቡ ድምፁን እንዳይውጠው ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። 

«ሰው ሲሆን አወቀው። ሊይዙት በሚመጡበት ሌሊት ወዳጆቹን አብራችሁኝ ንቁ ብሏቸው ነበር። እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

ሶሬቲ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣ ስለ ሌላ ሰው የምትነግር እንጂ ስለራሷ የምታወራ በማትመስል ድምፅ፣ «ቀኑን ሙሉ ከሁለት መቶ ሰው በላይ አናግራለሁ» አለች። «ሁሉም ከእገሌ ጋር አገናኚኝ ነው የሚለኝ። እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ሊያወራ የደወለ ሰው የለም።»

 ገብረ ክርስቶስ ወሬውን ወደ ጥምቀቷ መለሰና የክርስትና እናት እንደሚያስፈልጋት ነገራት።

«የማውቀው ሰው የለም። አከራዬ ጥሩ ሴት ናት፤ ግን ፕሮቴስታንት ናት። እርስዎ አይሆኑም?»

«ለሴት ሴት ናት የምትሆነው።»

«እንግዲያው ከዘመዶችዎ አንዷን ይለምኑልኝ።»

«እሺ» አላት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን የገባው ቃል አስጨነቀው። በሕይወት ያለች አንዲት ሴት ዘመድ ነበረችው፤ የሚስቱ ታላቅ እህት፣ እትዬ የማርያምወርቅ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ተያይተው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሀይማኖት በድንገት ታማ ሆስፒታል አራት ቀን ተኛች። በሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ገብረ ክርስቶስን ኮሪደር ላይ አውጥቶ እንደማትተርፍ ነገረው። እትዬ የማርያምወርቅ ከእንጦጦ ሲደውሉ ግን «እየተሻላት ነው፣ በዚህ ዝናብ አይልፉ» አላቸው። የእህታቸውን ሞት የሰሙት ደጃቸው ድረስ ከመጡ መርዶ ነጋሪዎች ነው። ለቅሶው ላይ በሰው ፊት «እህቴን ሰረቅኸኝ» አሉት። 

በሰኔ አጋማሽ፣ በአንድ እሁድ፣ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ሄደ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዞ ዳገቱን ወጣ። እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ባሕር ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ብቻ ነበር የሚታዩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጭቃ መንገድ እየተንሸራተተ ሄዶ የቆርቆሮውን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«ገብረ ክርስቶስ ነኝ።»

በሩ ሳይከፈት ድምፃቸው መጣ፤ «የትኛው?»

ሌላ ገብረ ክርስቶስ እንደማያውቁ ያውቃል። «የሀይማኖት ባል» አለ።

በሩን ከፈቱለት፤ ግባ ግን አላሉትም። አርጅተዋል። በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ውሃ ትከሻውን እየነካው፣ ስለ ሶሬቲ ነገራቸው። እስኪጨርስ ሰሙት።

«ለዚህ ነው የመጣኸው? በሦስት ዓመት አንድ ቀን፣ እሱም ጉዳይ ይዘህ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም ያኔ?»

ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሲሸሸው ኖሯል። «ሐኪሙ ያለኝን በአፌ ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ» አለ። «ለሷም አልነገርኳት። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን እንኳ አልተናገርኩትም። በልቤ ይዤው ተቀመጥኩ።»

«ጠይቃኝ ነበር?»

የለም ቢላቸው ማንም አያውቅበትም ነበር።

«በየቀኑ ጠይቃዎታለች። እቴቴ ምነው ቀረች ትለኝ ነበር።»

እትዬ የማርያምወርቅ እጃቸው ግድግዳውን ፈለገ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ብዙ አለቀሱ። እሱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ሊቀርባቸው አልደፈረም፣ ትቷቸው ሊሄድም አልቻለም።

«ባትነግረኝ ይሻልህ ነበር» አሉት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ተነሡ። «ልጅቷን አምጣት» አሉ። «ለአንተ ብዬ አይደለም።»

በሳምንቱ ሶሬቲን ይዟት ወጣ። እትዬ የማርያምወርቅ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧትና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ለዓይንሽ ጸበል ሞክረሻል ልጄ?»

«እኔ የመጣሁት ልጠመቅ ነው እንጂ ለዓይኔ አይደለም፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ሳቁ። ገብረ ክርስቶስ ሳቃቸውን ሲሰማ ደነገጠ፤ የሀይማኖት ሳቅ ነበር፣ ከእሷ ጉሮሮ የወጣ የሚመስል። በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ።

ሶሬቲ በሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ ዕለት ተጠመቀች። ሲነጋጋ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ወንዶቹ መካከል ቆሞ የነበረው ገብረ ክርስቶስ አላያትም፤ ውሃው ሲወርድባት ግን ትንፋሿ ሦስት ጊዜ ሲቆራረጥ ሰማ። ወለተ ሥላሴ ተባለች። እትዬ የማርያምወርቅ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው አንገቷ ላይ ማተብ አሰሩላት።

ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም እንጦጦ ወጥተው በሉ። ለገብረ ክርስቶስ በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጠው። ሴቶቹ ግን አንድ ቦታ አልረጉም። እትዬ የማርያምወርቅ የክርስትና ልጃቸውን እየመሩ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ የውሃ በርሜሉን፣ ደረጃውን ሁሉ በእጇ አስነኳት። በየእሁዱ እንድትመጣ፣ ከፈለገች እንድታድር ነገሯት። ሶሬቲ አንዴ ስለ አለቃዋ የሆነ ነገር ስትነግራቸው ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ገብረ ክርስቶስ ምን እንደሆነ አልሰማም፤ አልጠየቀምም። ትንሽ ቆይቶ ቆቡን አንስቶ ወጣ። እሱ ያመጣው ደስታ ነው፤ ግን የእሱ ድርሻ እስከ በሩ ድረስ ነበር።

አጥሩ ጋ ሳይደርስ እትዬ የማርያምወርቅ ከኋላው መጡ።

«ልትሄድ ነው?»

«ታክሲ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለፍልሰታ ጾም እንጦጦ ማርያም ግቢ ሱባኤ እገባለሁ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ግቢው ለሁሉም ክፍት ነው። ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ ግን አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ እትዬ።»

የሐምሌን ቀሪ ቀናት ቤቱ ተቀምጦ አሳለፈ። እሄዳለሁ አለ፣ አልሄድም አለ። ነሐሴ ሲገባ ሁለት ቀን ዝናቡን ምክንያት አደረገ። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።

እትዬ የማርያምወርቅ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። አዩት፤ ንባባቸውን ግን አላቋረጡም። እሱም አራት አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ያህል አንድም ቃል አልተለዋወጡም። አንዴ ካፊያ ሲጥል ጃንጥላውን አስጠጋላቸው፤ አልከለከሉትም። የቅዳሴው ደወል ሲደወል ለመነሣት ሞክረው ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ሳያዩት እጃቸውን ዘረጉለት። ደግፎ አስነሣቸው።

ከዚያ እሳቸው በሴቶች በር፣ እሱ በወንዶች በር ገቡ።