ኦል ስትል

ሊዮል ሉፐሩን የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ከጫማ ካርቶን የሚያንስ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው። የተጫወትከውን ይቀዳና ደጋግሞ ያሰማሃል፤ በላዩ ሌላ ትደርባለህ። መቅደላዊት ከእኔ ጋር መዝፈን የተወችው በዚህ ሳጥን ምክንያት ነው።

«ሊዮል እኮ ብቻውን ሦስት ሰው ነው» አለችኝ ከሁለት ወር በፊት። አራት ዓመት ጊታር የመታሁላት እኔ አንድ ሰው ነበርኩ።

አሁን ሁለቱም መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለችው የሬዲዮና የስፒከር መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ቆመዋል። ነገ ደዶ ወረዳ ሠርግ ላይ ይጫወታሉ።

«ሙሄ፣ ይጮህብናል» አለች መቅዲ። «ድምፄን ይውጠዋል። ነገም እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ የሚጠራን የለም።»

«አንተ ታውቅበታለህ አሉኝ፣ ብራዘር» አለ ሊዮል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው።

«ማን አለህ?»

«እሷ ናት እንጂ።»

ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ።

ሰካሁት። እምምም አለ። እዚያው ማከፋፈያ ላይ የነበረውን የስልክ ቻርጀር ስነቅል እምምታው ጠፋ፤ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ግን ቀረ። ሊዮል አንድ ዜማ ቀዳ፤ ደረበ፤ ደግሞ ደረበ። አራተኛው ላይ ሽሽታው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሆነ።

ቁልፎቹን አየሁ። የጊታሩ ቮልዩም ከግማሽ በታች ነው፤ የሉፐሩና የስፒከሩ እስከ ጥግ ተከፍተዋል። ደካማ ድምፅ ቀድተህ በኋላ ስታጎላው ሽሽታውም አብሮ ይጎላል።

«ማን ነው እንዲህ ክፈተው ያለህ?»

«መቅዲ ናታ! መድረክ ላይ ‹ኦል› ስትለኝ የተቀዳውን ሁሉ እለቀዋለሁ።»

ገባኝ። ልጁ ‹ሁሉም› የሚለው እንግሊዝኛ መስሎታል። እሷ የምትለው በኦሮምኛ ነው፦ ከፍ አድርገው፣ ጊታሩን። እኔና እሷ እዚሁ ከተማችን መርካቶ አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ በአማርኛ የጀመርነውን በኦሮምኛ ስንጨርስ ለራሳችንም አይታወቀንም። ኦል ስትል ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ቃሉ የሁለታችን ነው። ለምን እሰጠዋለሁ?

«ሳጥኑ አርጅቷል» አልኩ። «ምንም አይደረግም።»

መቅዲ ግን «እስቲ ልሞክረው፣ ነገ መቼስ አልቀርም» ብላ ዝናቡ ላይ መዝፈን ጀመረች። የአንገቷ ሥር ተገተረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። እንደ ልማዷ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ኦል» አለች።

ሊዮል ወደ ሉፐሩ አጎነበሰ። እጄ ቀደመው፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ጊታር ቮልዩም ከፍ አደረግኩት።

መቅዲ ዓይኗን ገለጠች። ያየችው እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «የቀዳኸውን ደምስስ» አልኩት። «ሉፐሩንና ስፒከሩን ወደ ግማሽ መልስ። ኦል ስትልህ ጊታሩን ብቻ ወደ ላይ። ኦሮምኛ ነው።»

እንደገና ቀዳ። አራት ደረበ። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ሁሉንም ስትለቅብኝ!» ብላ መቅዲ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች እስክታነባ ሳቀች። ያረጀ ያልኩትን ሳጥን አንዳቸውም አላነሱብኝም።

ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ሊዮል ቃሉን ሲለማመድ ሰማሁት። «ኦኦል» ይላል።

«አታርዝመው» ትለዋለች። «ኦል።»