ሽማግሌ የተላከለት ጥያቄ

1

ደንብ 3፦ «ሰላም» ብለህ መልስ አትጠብቅ። ጥያቄህን እዚያው ጻፍ።

ደንብ 4፦ የማሳያ ፎቶ በስልክ አንስተህ አትላክ።

ደንብ 5፦ «እርዱኝ»፣ «አስቸኳይ»፣ «በእናታችሁ» ማለት ክልክል ነው።

ደንብ 6፦ መጀመሪያ ራስህ ፈልግ። የሰነፍ ጥያቄ አንመልስም።

(ደንብ 1 እና 2 ስለ ስድብና ስለ ማስታወቂያ ናቸው። የእኛን ሰው ሁለቱም ስለማይነኩት ተዘለዋል።)

2

የእኛ ሰው እንድሪስ ሙሄ ይባላል። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጠገነ፣ ዲፕሎማ ሳይኖረው ሰፈሩ «ኢንጂነር» ብሎ የሾመው የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። አንቱ ሊባል ይገባው ነበር። ተራኪው ግን አንቱ እያለ ገመናውን ማውጣት ስለከበደው «እሱ» ይለዋል፤ ለዚህም አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቋል።

ከላይ ያሉት ደንቦች «ሰርኪዩት ሰፈር» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ደንቦች ናቸው። ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አባላት አሉት፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው የቸገረውን እዚያ ይጠይቃል። እንድሪስ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ደንቦቹን አሥራ አንድ ጊዜ አንብቧቸዋል። እስካሁን የጻፈው የቃል ብዛት፦

ዜሮ።

3

እንድሪስ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «አላውቅም» በማለት ፈንታ ለደንበኞቹ የሰጣቸው መልሶች፦

«እቃው ከገበያ ጠፍቷል።»

«የፋብሪካ ችግር ነው።»

«አሁን አትንኩት፣ ይረፍ።»

«ነገ ተመለስ።» (ይህኛው ለአንድ ቴፕ ሪከርደር አራት ዓመት አገልግሏል።)

4

እንድሪስ ከኮምፔንሳቶ የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን ሠራ። አራት አምፖል፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ማሳያ፣ ሲሞቅ አምፖሎቹን የሚያጠፋ ሲበርድ የሚያበራ ሰሌዳ። ከዩቲዩብ አይቶ ገጣጠመው። ስድስት ጎረቤቶች አሥር አሥር እንቁላል አመጡለት፤ በየእንቁላሉ ላይ የባለቤቱ ስም በእርሳስ ተጻፈ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አላቸው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሥራ አንድ ቀን ሳጥኑ ከእናት ዶሮ ምንም አልተለየም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማሳያው ከዜሮ በታች 127 ዲግሪ ነው አለ። ደሴ ብርድ አላት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ብርድ ቢመጣ እንድሪስም፣ ጎረቤቶቹም፣ የጦሳ ተራራም አይተርፉም። ሰሌዳው ግን አመነ። በርዷል ብሎ አምፖሎቹን ያለ እረፍት አነደዳቸው። የእንድሪስ ሚስት ዘሐራ ክዳኑን ስትከፍት ወበቁ ፊቷን መታው። በትኩሳት መለኪያ ስትለካው 42 ገብቷል። መሆን የነበረበት 37 ተኩል ነው።

ሶኬቱን ነቀሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራው የእጅ ሆነ፦ መሰካት፣ መለካት፣ መንቀል፣ መለካት፣ መሰካት። ባልና ሚስት በየተራ። ጫጩት ለማየት ገና ዘጠኝ ቀን ይቀራል። እንቁላሎቹ ከሞቱ እንድሪስ በሆጤ ቀና ብሎ አይሄድም።

5

ያልተላኩ ረቂቆች፦

አንድ። የመጀመሪያ ሬዲዮውን በልጅነቱ እንዴት እንደፈታ ይጀምራል። ጥያቄው ጋ ሳይደርስ የስልኩ ባትሪ አለቀ።

ሁለት። «አንድ ጓደኛዬ የእንቁላል ሳጥን አለው። ጓደኛዬ ብዙም አያውቅም።» (ደግሞ ሲያነበው ለጓደኛው አዘነለት። ሰረዘው።)

ሦስት። «ለአባላት የቀረበ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር፦ ማሳያ -127 ቢል ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ቀድሞ የመለሰ ይመሰገናል።»

ሦስተኛው ሊላክ ትንሽ ነበር የቀረው።

6

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሙቀት57*፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት አደራችሁ?

ጠበቀ።

ጠበቀ።

ሮቦት፦ መልእክትህ ተሰርዟል። ደንብ 3። ማስጠንቀቂያ 1 ከ 3።

* እንድሪስ በግሩፑ የተመዘገበበት ስም። የደሴ ሰው እንዳያውቀው ፈርቶ ነው። 57 ዕድሜው ነው፤ በመደበቅ ብዙም አልተካነም።

እንድሪስ ባደገበት አገር ሰላምታው ሳይመለስለት ጉዳዩን የሚናገር ሰው ወይ ፖሊስ ነው ወይ ቤቱ የተቃጠለበት። ሰላምታ የነፈገው ሰው አጋጥሞት ያውቃል፤ ሰላምታውን አንስቶ የጣለበት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሁሉ በላይ የከነከነው ደግሞ ትናንት የተሠራ ደንብ አስከባሪ ሮቦት «አንተ» ማለቱ ነበር።

7

ዘሐራ ሶኬቱን በእጇ እንደያዘች ሲያጉረመርም ሰማችው። ለምን ዝም ብሎ እንደማይጠይቅ ጠየቀችው። ስድስት ሺህ ሰው ፊት ራቁቴን ልቁም ወይ አላት። በስሙ ያልተመዘገበ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ራቁቱን የሚቆመው አለችው። አሁን አትንኪው፣ ይረፍ አላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው።

ለእንድሪስ ግን ሌላ ነገር ታየው። እሷን ሲያገባ እሱ ራሱ ሄዶ አልጠየቀም። ሦስት ሽማግሌ ልኮ ነው። ሚስት በሽማግሌ ትጠየቃለች፣ እርቅ በሽማግሌ ይጠየቃል። ታዲያ ጥያቄስ በሽማግሌ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው?

8

በቴሌግራም ሽማግሌ ሲልኩ፦

ሀ. በግሩፑ ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው ይፈልጉ። እንድሪስ የሚያውቀው አቶ ታደሉን ብቻ ነው፤ የደሴ ሰው፣ የስልክ ሠራተኛ የነበሩ ጡረተኛ።

ለ. ሽማግሌ ሦስት ይሁን። አቶ ታደሉ የአባላትን ፎቶ እያገላበጡ ሽበት ያላቸው ሁለት መረጡ፤ አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከአርባ ምንጭ። ተያይተው አያውቁም።

ሐ. ጋቢ ይልበሱ። ከወገብ በታች ስለማይታይ ፒጃማ ይፈቀዳል።

መ. አይቀመጡ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም።

ስለዚህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በሦስት ከተማ፣ እያንዳንዳቸው በየሳሎናቸው ወንበራቸው አጠገብ ቆመው፣ ለግሩፑ አድሚን በቪዲዮ ደወሉ።

9

አድሚኑ ኢዮስያስ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አዳማ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ደንቦቹን የጻፈው እሱ ነው።

አቶ ታደሉ፦ ልጄ፣ ቆመን ነው የመጣነው።

ኢዮስያስ፦ አባቶቼ፣ ኧረ ተቀመጡ።

የአርባ ምንጩ፦ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።

ኢዮስያስ፦ የማንን ልጅ አስቀየምኩ?

አቶ ታደሉ፦ ማንንም አላስቀየምክም። አንድ ልጅ አለን። ጨዋ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው። ጥያቄ አለው። ቤትህ ገብቶ እንዲጠይቅ ፍቀድለት ልንልህ ነው።

(ኢዮስያስ ካሜራውን ዘጋ።)

■

በጥቁሩ ውስጥ እናቱን እያማከረ ነበር። እናቱ፣ ሽማግሌ መጀመሪያ በመጣ ቀን እሺ አይባልም፣ ቤት ያስንቃል አለችው። ሴት ልጅ እንደሌላት፣ ጉዳዩም የሽቦ ጉዳይ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። ወግ ወግ ነው አለችው።

ኢዮስያስ፦ አክብራችሁ መጥታችኋል። እንምከርበት። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ረኩ። በወጉ የቀረበ፣ በወጉ የተመለሰ ጉዳይ ሆኖ አገኙት። ጥያቄው ምን እንደሆነ የተናገረ ግን አልነበረም፤ ምንድን ነው ያለም አልነበረም።

10

አቶ ታደሉ ውጤቱን ለእንድሪስ ሲነግሩት ደስ ብሏቸው ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሳምንት ደግሞ ምን አላት አሉት። ፊቱ ሲለወጥ አይተው አጽናኑት።

«አብሽር እንድሪስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

 

 

 

(ይህ ባዶ ቦታ እንድሪስ እስከ ሳምንት ስንት ጊዜ ሶኬት እንደሚነቀል ያሰላበት ጊዜ ነው።)

11

ረቡዕ። እንድሪስ ከቀትር ሶላት ሲመለስ ዘሐራ ከሳጥኑ ጎን በተቀመጠችበት እንቅልፍ ወስዷታል። ሶኬቱ ተሰክቷል። የትኩሳት መለኪያው 41 ይላል።

ነቀለው። ክዳኑን ከፈተ። ዘሐራ ነቃች፣ ቁጥሩን አየች፣ አለቀሰች። ሦስት ቀን በየአሥር ደቂቃው ስትነሳ የከረመች ሴት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ትላለች። እሱ ስሙን ሲጠብቅ እንቁላሉን የጠበቀችው እሷ ነች። አፈረ። ከስድስት ሺህ ሰው ይልቅ እሷን አፈረ።

ማሳያውን በስልኩ ፎቶ አነሳው። አውራ ጣቱም አብሮ ገባ። ሰላም አላለም።

ሙቀት57፦ እርዱኝ። 60 እንቁላል እየሞተብኝ ነው። ማሳያው -127 ይላል። ለምን እንደሆነ

አላውቅም።

12

አምስት ፊደል።

ሠላሳ አንድ ዓመት።

13

ሮቦት፦ ደንብ 4። ደንብ 5። ማስጠንቀቂያ 2 ከ 3።

ኢዮስያስ፦ ሮቦቱን ተወው። አምፖሎቹን ነቅለሃል?

ሙቀት57፦ ነቅያለሁ።

ኢዮስያስ፦ ጥሩ። -127 ሙቀት አይደለም። ሰሌዳው መለኪያውን ሲያጣው የሚጽፈው ቁጥር ነው። ሽቦው የተበየደበትን እየው፤ እርጥበት በልቶት ይሆናል።

ከጥያቄው እስከ መልሱ፦ አራት ደቂቃ።

ብየዳው ለቆ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የበየደ ሰው ይህን ለመጠገን ስድስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማሳያው 37.4 አለ፣ አምፖሎቹ በሰዓታቸው በሩ፣ በሰዓታቸው ጠፉ። እንድሪስ ለዘሐራ አስረዳት፦ ሰሌዳው መለኪያው ሲጠፋበት ጠፋብኝ አይልም፣ ዝም ብሎ ቁጥር ይናገራል፣ ከዚያም የተናገረውን ራሱ አምኖ ቤት ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ማሽን ማን ይሠራል ብሎ ሰሌዳውን በትዝብት አየው።

ዘሐራ እሱን አየችው።

14

ወግ እንዳይጎድል፦ ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ማክሰኞ ተመልሰው ቆሙ። ኢዮስያስ በእናቱ ፊት «ይጠይቅ፣ ፈቅደናል» አላቸው። መረቁት። ተቀመጡም። ልጃቸው ቀድሞ ጠይቆ ቀድሞ እንደተመለሰለት አቶ ታደሉ ያውቁ ነበር፤ ግን ሦስት ሽማግሌ የቆመበትን ነገር በዚህ ማቅለል ደስ አላላቸውም። ኢዮስያስ ዛሬም ድረስ ያ ጨዋ ልጅ መቼ ይሆን የሚመጣው እያለ ይጠብቃል።

15

ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ተራኪው ይህን ክፍል ሊዘለው ፈልጎ ነበር።

ከጥገናው በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እንድሪስ ክፍሉን አጨልሞ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን አያቸው። ሕይወት ያለው ውስጡ ደም ሥር ይታያል፣ ይነቃነቃልም። አርባ ስምንቱ ደህና ናቸው። አሥራ ሁለቱ ሞተዋል። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፦ አሰለፈች።

እትዬ አሰለፈች ከእንድሪስ አጥር ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ያላቸው ዶሮ አንዲት ነች። አሥሩን እንቁላል አንድም ሳይቀምሱ ነው ያጠራቀሙት። እንድሪስ ያስቀመጠው ደግሞ አምፖሎቹ ሥር፣ ይሞቃቸዋል ብሎ፣ ለእሳቸው አድልቶ ነበር።

ምን እንደሚላቸው ማሰብ አላስቸገረውም። እንቁላሉ ከመጀመሪያውም ፍሬ አልነበረውም ማለት ይቻላል። የሚያምን እንጂ የሚከራከር አይኖርም። ይህን ለዘሐራ ሲነግራት ዘጠኙን እንቁላል አንስታ፣ ስሙ ወደ ላይ እንዲታይ አድርጋ ፊቱ ደረደረችለት።

16

ረቡዕ፣ ሃያ አንደኛው ቀን። ቤቱ የጫጩት ጫጫታ ብቻ ሆኗል። አምስቱ ጎረቤቶች በየካርቶናቸው ተረክበው፣ ኢንጂነር እጅህ ይባረክ እያሉ ሄዱ።

እትዬ አሰለፈች በመጨረሻ መጡ። ካርቶናቸው ውስጥ አሮጌ ሹራብ አንጥፈውበታል። የራሳቸው የሆነችውን አንዲቷን ጫጩት አዩ፣ ሌሎቹን በዓይናቸው ፈለጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«የእኔዋ ዶሮ እንቁላሏ ከመጀመሪያውም አይረባም ነበር መሰል» አሉ። «ነው አይደል እንድሪስ? መቼም አንተ ታውቃለህ።»

መውጫውን በገዛ እጃቸው ከፍተው ሰጡት። ዘሐራ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እንድሪስ በርከክ ብሎ ከፊታቸው ተቀመጠ፣ አፉን ከፈተ፣

«እትዬ አሰለፈች፣ የዶሮዎ እንቁላል ደህና ነበር፣

 

 

 

»