ከመስኮት የተቀረጸው

የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ መርማሪ ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየችው እሷም አታውቀውም፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። የአንድ አናጺ ልጅ በሁለት ፖሊሶች እየተጎተተ ነጭ መኪና ላይ ይጫናል። ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ «ይዘነው አናውቅም» ብሎ ድርቅ! ዓይን አውጣዎች! ነገ ፍርድ ቤቱ ቪዲዮውን ካልተቀበለ ልጁ የውኃ ሽታ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ላኪው ማንነቱን አልገለጸም። መንገዱንና ጣሪያዎቹን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይታ ቦታውን አግኝታዋለች። የቀራት ድምፁ ብቻ ነበር። እዚህ ቢሮ መጀመሪያ ድምፅ ዘግቶ ማየት የተለመደ ነው፤ የሰው ጩኸት ቀን ሙሉ ጆሮ ውስጥ ይዞ መዋል ያሳብዳል።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጩኸት፣ የመኪና ሞተር፤ ከዚያ ከስልኩ አጠገብ የሴት ሹክሹክታ፦ «እኔን ይድፋኝ፣ ልጄ! እኔን ይድፋኝ!»

ክው አለች። እናቷ ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ልኬት ልትወስድ የማትገባበት ቤት የለም።

«አለቀ?» አለ የልጁን ጉዳይ የያዘው ጠበቃ በበሩ ብቅ ብሎ። «አደራ፣ ቅንጣት እንዳትነኪው! አንዲት ሰከንድ ከተቆረጠች ተቀነባበረ ይሉናል።»

«ትንሽ ይቀረኛል» አለችና ስልኳን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የቀረጽሽው?»

«ድምፅ ዘግተን ነው የምናየው አላልሽኝም?» አለች እናቷ።

«መጨረሻ ላይ እንሰማዋለን እኮ፣ እማዬ!»

«እንግዲያው ቁረጪው። ፖሊሶቹ ቤቴን ያውቁታል። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

መርማሪዋም ፈርታለች፤ ለእናቷ ስትል ብትቆርጠው ደስ ባላት።

«ከቆረጥኩት ማስረጃ አይሆንም። ልጁም በዚያው ይቀራል።»



«የልጁ እናት ደንበኛዬ ናት» አለች እናቷ። «ትናንት ፎቶውን ይዛ መጣች። ‹በዚያ ሰፈር ስትመላለሺ ልጄን አላየሽውም?› አለችኝ። አላየሁም አልኳት። ዓይኗን እያየሁ፣ አላየሁም አልኳት!» ለቅሶዋን መቆጣጠር አቃታት። «ነይ ውሰጂኝ። እመሰክራለሁ። ግን መጀመሪያ እሷ ጋ።»

መርማሪዋ ፊቷን ጠራርጋ ተመለሰች። ቪዲዮው አልተነካም።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው ጠበቃውን። «የምስክር ልጅ መረመረችው ተብሎ እንዳይጣልብን። የቀረጸችው እናቴ ናት።»