የላምባው

ሐሙስ ጧት ደምሰው ከመኪያ ደጃፍ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። መኪያ የእሱን ቤት የፊተኛ ክፍል ይዛ ልብስ መስፋት ከጀመረች ይኸው መስከረም ሲጠባ አራት ዓመት ሞላት። ቤት ማከራየት በአዋጅ ስለተከለከለ ቀበሌው የሚያውቃት በደባልነት ነው። በየወሩ የምትሰጠውን ኪራይም ሁለቱ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «የላምባ» ይሉታል።

«መኪያ፣ ዘመኑም ተለወጠ እንግዲህ… ላምባው ተወዷል» አለ።

«በስንት ተወደደ፣ ጋሽ ደምሰው?»

«በአምስት ብር። የጣራው ሣር በስብሷል፤ ቆርቆሮ ላለብሰው ነው።»

«አምስት ብር! ይሄማ ቤንዚን እንጂ ላምባ አይደለም!» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «ገበያው ጥግ ባዶ ክፍል እንዳለ ሰው ነግሮኛል። እስከ ማታ ላስብበት።»

ደምሰው ደነገጠ። እንደ እሷ ያለ ደባል ከየት ይገኛል? ባለፈው ዓመት ሚስቱ አረጋሽ ታማ ስትተኛ ውሃ የቀዳች፣ ገንፎ ያገነፋች መኪያ ናት። ቢሆንም ራሱን አጽናና። ‘ሥራ ሞልቷታል፤ እኛ ስንጸልይ እንኳ የስፌት መኪናዋን አታቆምም። መክፈል አያቅታትም።’

የእነ ደምሰው ጸሎት ቤት፣ መኪያ በገባችበት ዓመት፣ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ስድስት ሰባት ሆነው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በደምሰው ጓዳ ይሰበሰባሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገራቸው ቋንቋ በአሪኛ ሲዘምሩ፣ የስፌት መኪናዋ ከፊት ክፍል ታንጓጓለች። ‘ለአንዲት ሰዓት ብታከብረን ምን ነበረበት?’ እያለ በሆዱ ይዞባት ኖሯል።

የዚያን ቀንም ተሰብስበው ሳለ ዝናብ ጣለ። መዝሙሩ መሃል ጠብታ አናቱ ላይ ሲያርፍ የመኪያ ጨርቆች ትዝ አሉት። ሳፋ ይዞ ወደ ፊተኛው ክፍል ሮጠ።

ጨርቆቹ ቀድመው ሣጥን ገብተዋል። መኪያ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ መርገጫውን ትረግጣለች፤ መርፌው ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሥሩ ግን ጨርቅ የለም። ክርም የለውም።

«ምን እየሰፋሽ ነው?»

ደነገጠች፤ እግሯን ግን አላቆመችም። «አብዮት ጠባቂዎቹ በዚህ ነው የሚያልፉት። እትዬ አረጋሽ ደግሞ መንፈሱ ሲመጣላቸው ድምፃቸውን አይቆጥቡም።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እኮ ነው።»

ደምሰው ጎንበስ ብሎ ሳፋውን ከሚያፈሰው ጣራ ሥር አስቀመጠ። ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል።

«የላምባው እንደ ድሮው ይሁን። ብቻ አትሂጂብን።»

«ጣራውስ? ጨርቄ በሰበሰ እኮ! ሁለት ብር ልጨምር፤ ቆርቆሮው ግን ጥቅምት ሳያልቅ ይመታ።»

«ይመታል።»

«ዝናብ ሲወርድበት ይጮኻል አይደል?»

«ሰው አያነጋግርም።»

«እንግዲያው ዝናብ በጣለ ቀን እኔም ክር አስገብቼ እሰፋለሁ» አለች፣ እግሯ ከመርገጫው ሳይነሣ። «አሁን ይግቡ፤ መዝሙሩ ሊያልቅብዎ ነው።»