የተንሸራተተው መስመር

እና አሁንም ሳጥን፣ ሳጥን ብቻ፣ ፊደል የነበረው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሯል፣ ራቅ ብለው ሲያዩት መብራት ያልበራበት ፎቅ ይመስላል፣ ገጽ አቀናባሪዋ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየዋለች፣ እዚያ ውስጥ ሰው ይኖር ይሆን፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የማተሚያ ቤቱ ሙቀትና የማሽኑ ጉርምርምታ ዓይኗን ቁልቁል ይጎትቱታል። ምን ነካው ይሄ ፋይል። ትናንት እትዬ ላፕቶፕ ላይ ጥርት ብሎ አልነበር እንዴ፣ ነበር፣ ግን የእትዬ ሲስተሙ ሌላ ነው የዚህኛውም ሌላ፣ እዚያ ያለው ፎንት፣ የፊደሉ መልክ፣ እዚህ የለም፣ የለኝም ብሎ እንኳን አይናገርም፣ ዝም ብሎ ሳጥኑን ይደረድራል።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት፣ አዋላጅ ነርስ። ይህችን አንዲት ገጽ ለነፍሰ ጡሮች ትታደል ብላ ከሥራ በተረፋት ሰዓት ራሷ ጻፈቻት፣ በግራ የሚታየው ምልክት፣ በቀኝ መደረግ ያለበት፣ በቃ። ሚጣዬ አንቺ ብቻ አሳምሪልኝ፣ እናቶቹ ከረፈደ እኮ ነው የሚመጡት፣ ባለፈው ሳምንት አንዷ... አልጨረሰችውም፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ ታላላቆች እንዲህ ናቸው፣ ከባዱን ግማሽ ለራሳቸው ያስቀሩታል።

ፎንቱን ትቀይረዋለች። ሳጥኖቹ ቀስ እያሉ ፊደል ይሆናሉ፣ ፎቁ ላይ መስኮት በመስኮት መብራት እየበራ ነው፣ ልጆች ሳሉ እትዬ በጣቷ ጀርባዋ ላይ ፊደል ትጽፍ ነበር፣ ምንድን ነው በይ፣ መ፣ አይደለም፣ ሠ፣ እሱም አይደለም ደንቆሮ፣ ሳቃቸው ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል፣ እናታቸው ከወዲያኛው ክፍል ዋ እመጣለሁ ትላለች፣ ጀርባዋን አሁንም ይነዝራታል፣ ወይስ የወንበሩ ሽቦ ነው። አለቀ ወይ ልጄ፣ ይላታል አታሚው ከማሽኑ ጀርባ፣ አልቋል ጋሼ፣ ያስገቡት፣ ትላለች፣ እጇ ግን ገጹ ላይ ይቀራል፣ ለስንብት ያህል ታነበዋለች፣ ደም መፍሰስ፣ በቀኙ ደግሞ፣ ቤት ማረፍና ጥቂት ጥቂት መብላት።

ምን?

ጋሼ ይቁሙ! አያስገቡት!

እንቅልፏ ብን ይላል፣ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ ታስኬዳለች፣ ቤት ማረፍ የማቅለሽለሽ ነው እንጂ የደም መፍሰስ አይደለም፣ አንድ መስመር ተንሸራቷል፣ እትዬ ሠንጠረዥ አልሠራችም፣ ሁለት ዓምድ አድርጋ ፊት ለፊት በዓይኗ ነው ያስተካከለችው፣ አዲሱ ፎንት ወፈር ስለሚል በግራ በኩል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ተገፋ፣ ሁሉም ምልክት የሌላውን መልስ ይዟል፣ ፊደሉም ያምራል፣ እንዲህ አምሮ ነበር ሊታተም የነበረው፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ይሄን አንብባ ትተኛ ነበር፣ አምናው።

ሠንጠረዥ ትዘረጋለች። ምልክቱን ከነመልሱ በአንድ ረድፍ ታስረዋለች፣ ሂድ ብትለው የትም አይሄድም፣ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ትከትተዋለች፣ ፒዲኤፍ ታደርገዋለች፣ በዚህ ኮምፒውተር ትከፍተዋለች፣ በስልኳ፣ በጋሼ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በሁሉም ያው ነው፣ ቢሆንም ትደውላለች።

ተኝተሽ ነበር እትዬ፣ አይ ልተኛ ስል ነው፣ ስታዋልድ ያደረች ሰው ድምፅ፣ ፋይልሽ ሊጨርሰኝ ነበር ትላታለች እየሳቀች፣ ሳቁ ግን አይወጣላትም፣ የሆነውን ትነግራታለች። እትዬ በቀስታ፣ ያቺ የባለፈው ሳምንቷ፣ ያልፋል ብላ ቤቷ ተኝታ ነበር ደሟ እየፈሰሰ፣ እኔ እጅ ላይ ደረሰች፣ እኔ እጅ ላይ... እሺ፣ አንብቢልኝ ሚጣ፣ ሁሉንም።

ታነባለች፣ እትዬ እሺ ትላለች፣ ሌላ ረድፍ፣ እሺ፣ እሺታው እየላላ እየራቀ ይሄዳል፣ ከውኃ በታች እንደሚሰማ ድምፅ፣ ጋሼ ክንዱን አጣምሮ ይጠብቃል፣ የመጨረሻው፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ትላለች። እትዬ? ትንፋሽ ብቻ፣ ረጅም፣ ሞቅ ያለ፣ ጆሮዋን የሚነካት ይመስላል፣ ትቀስቅሳት ወይስ ትተዋት፣ ወረቀቱ ላይ ትክክል ነው፣ እርግጠኛ ናት፣ ግን ቅድምም እርግጠኛ ነበረች፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ትላለች እንደገና ለስለስ አድርጋ።

ሳትውል ሳታድር ትምጣ፣ ትላለች እትዬ ከሩቅ፣ ከእንቅልፍ ውስጥ፣ ንገሪያት፣ እዚሁ ነኝ።

ለጋሼ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ምልክት ትሰጠዋለች። ማሽኑ ይነሳል፣ የመጀመሪያው ወረቀት ትኩስ ሆኖ ይወጣል፣ ስልኩን አትዘጋውም፣ እንዳትነቃ በመዳፏ ከጩኸቱ ትከልለዋለች፣ ሌላ ወረቀት ይወጣል፣ ሌላም፣