ዐፄ ዘምሕረት ከመጋረጃው ሲወጡ

ዐፄ ዘምሕረት የነገሡት ጀግና ስለሆኑ አይደለም። ያለፈው ንጉሥ ሲሞቱ ቢትወደድ ዘወልድ ግሸን አምባ ወጣና እዚያ ከታሰሩት የነገሥታት ልጆች በጣም ዝም የሚለው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ጠባቂዎቹ ሳያመነቱ ቀፎ ሲያጥኑ የነበሩትን እኒህን ሰውዬ አሳዩት። በቃ፣ ዘውድ ተደፋባቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በድንኳን ውስጥ ከመጋረጃ ኋላ መቀመጥ ሆነ። የንጉሥ ፊት አይታይም፣ ንጉሥም ጮኾ አይናገርም። እሳቸው በሹክሹክታ ያዝዛሉ፤ ቢትወደድ ወጥቶ “ጃን ሆይ እንዲህ ብለዋል” ይላል። የሚለው ግን የራሱን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይላቸው ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ሰው የማይለምደው ምን አለ።

አንድ ጠዋት ከሰፈሩ ዳር “ጃን ሆይ፣ ጃን ሆይ” የሚል የተበዳይ ጩኸት ተሰማ። ንጉሡ የያዙትን ቂጣ አስቀመጡ። ድምፁን ያውቁታል። አምባው ላይ አዝላ ያሳደገቻቸው ሞግዚታቸው ሐመልማል ናት።

“ምን ሆና ነው?”

“ከአምባው ግርጌ ያለች ማሳዋን ለፈረሶቼ ወስጄባት ነው” አለ ቢትወደድ፣ ምንም ሳይደብቅ።

“ሌላ መሬት የላትም እኮ።”

“ፈረሶቼስ ሌላ ሣር አላቸው?”

“መልስላት” አሉ ንጉሡ።

ቢትወደድ ወጣና “ጃን ሆይ መሬቱ የቢትወደድ ነው ብለዋል፤ ሴትዮዋን መልሷት” አለ።

“ውሸት ነው” አለች ሐመልማል ከውጭ። “እሱን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ እንዲህ አይልም።”

ቢትወደድ ተመልሶ ገብቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። “አምባው ላይ ገና ብዙ ልዑል አለ፣ ጃን ሆይ።”

ሐመልማልን ሲጎትቷት ይሰማል። ንጉሡ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

ምን ያደርጋል፣ የሚያውቃቸው ሰው የለም። ዘውዱንም ለቁርስ አውልቀውታል።

“አንተ ደብተራ፣ ከንጉሥ ድንኳን ምን ትሠራለህ?” አለና ዘበኛው ትከሻቸውን በጅራፍ ሸነቆጣቸው።

“መሬቱ የሷ ነው” አሉ።

“አንተ ደግሞ ማን ነህና?” ብሎ ዳግመኛ ጅራፉን አነሣ።

“አውርድ፣ እጅህ ይሰበርና” አለች ሐመልማል ከያዟት ሰዎች እጅ አፈትልካ። “ጭምቴ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? አያበሉህም እንዴ?”

“ያበሉኛል።”

ዘበኛው ቅድም “እኔ ነኝ ያሳደግሁት” ማለቷ ትዝ ብሎት እሷን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ ጅራፉን ጥሎ በግንባሩ ተደፋ። የንጉሥ ፊት ያየ ይሞታል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎት ተደፋ። ቢትወደድ ሲወጣ የቆመ ሰው አጣ። ብቻውን ቢገተር ከዳ ሊባል ነውና እያጉረመረመ ተንበረከከ።

“መሬቱ የሐመልማል ነው፤ የልጅ ልጆቿም ርስት ነው” አሉ ንጉሡ። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ሁሉም ጸጥ ስላለ እስከ ዳር ተሰማ። ከንጉሥ አፍ ሲወጣ አገር የሰማው ፍርድ ደግሞ አይታጠፍም፤ ቢትወደድም ቢሆን አያጥፈውም።

ንጉሥን መለወጥ ግን ይችላል። ነሐሴ ሳይወጣ ሌላ ዝምተኛ ከአምባው አወረደና ዐፄ ዘምሕረትን ወደ አምባው መለሳቸው። በቅሏቸው በማሳው ዳር ስታልፍ ሐመልማል ከአረሟ ቀና አለች።

“በእኔ የተነሣ ዙፋንህን ጣልክ፣ አንተ ሞኝ።”

“እሱስ ሲቀመጡበትም ይቆረቁራል” አሉና በቅሏቸውን ኮልኮል አደረጉ።