የሚጢጢ ወተት

አቅላጩ የዓለም መርዝ ሁሉ ያለው ጭስ ውስጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈለጡ እርሳሱን በሚያቀልጡበት በዚያ ጣሪያው በጠቆረ መጋዘን የሚሠሩት ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። ጭሱ ሲነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ። እርሳሱ በርዶ ከረጋ በኋላ ግን ማንንም የማይነካ ነገር ነው ብለው በባዶ እጃቸው ያገላብጡታል፤ ያንኑ እጅ ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ምሳቸውን ይበላሉ። የባትሪውን አሲድ ከጓሮ ባለው ቦይ ይደፉታል። ከቦዩ ዳር ሣር መብቀል ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱንም በጭሱ ያሳብባሉ። የመጋዘኑ ባለቤት ደግሞ ቸር ለመባል ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ወተት ያድላል። ወተት የጭሱን መርዝ ከደረት ያጥባል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ጭንብልና የጭስ ማውጫ ከመግዛት ግን ወተቱ ይረክሳል።

አቅላጩ የድርሻውን ወተት ጠጥቶት አያውቅም። ቤቱ ሁለት ሴት ልጆች አሉ። ትልቋ፣ ሚስቱ ከሟች ባሏ ወልዳ ይዛት የመጣችው ናት፤ ትንሿ፣ ሚጢጢ የሚሏት፣ የአብራኩ ክፋይ ናት። ወተቱ የሚጢጢ ነው። ጡት ስትተው ክስት ብላበት ስለነበር "ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ ሰው የማደርጋት" ብሎ ተነሳ፤ በገዛ እጁም ክዳንና ማንጠልጠያ ያላት የቆርቆሮ ጣሳ ሠራላት። መገጣጠሚያዋን በእርሳስ በየደ። ያም አልበቃው ብሎ፣ እንዳታፈስና እንዳትዝግ ውስጧን በሙሉ በቀለጠ እርሳስ ለበጣት። ስታብለጨልጭ ያዩ ጓደኞቹ እየተቀባበሉ አደነቁለት። ጠዋት ወተቱን ይቀዳባታል፣ ጣሳዋ ሙቀቱ ውስጥ ተንጠልጥላ ትውላለች፣ ሲመሽ ጎምዘዝ ያለውን ወተት ይዞላት ይገባል።

የሰውየውን ክፋት መሸፋፈን አይገባም። ለሚጢጢ ሲሆን አንጀቱ ይንሰፈሰፋል፤ ለትልቋ ሲሆን ፊቱ አይፈታም። ሚጢጢን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያጠጣት ትልቋ በር ተደግፋ ታያለች። አንድ ቀን እናትየው ጨክና ከጣሳዋ በስኒ ቀንሳ ለትልቋ ሰጠቻት። ደረሰባቸው። ስኒውን ከልጅቷ እጅ ነጠቀ።

"ይሄ የልጄ ነው። የሷ አባት የራሱን ያምጣላት።"

የልጅቷ አባት አፈር ከለበሰ ቆይቷል፤ አቅላጩም በደንብ ያውቃል። እናትየው ነገሩን በሆዷ ያዘችው። ትልቋም ከዚያ ወዲያ ወተቱ ሲመጣ ወደ ጓሮ መውጣት ለመደች።

ሚጢጢ ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደል አልያዝ አላት። ትናንት የለየችውን ዛሬ እንደ አዲስ ታየዋለች። ሆዴን ሆዴን ትላለች፣ ምግብ ስታይ ፊቷን ታዞራለች፣ በረባ ባልረባው ታለቅሳለች። አስተማሪዋ እናትየውን ጠርታ ልጅቷን ሐኪም ይያት ብትላት፣ አቅላጩ ይህ የአስተማሪ ስንፍና ነው አለ። ልጄን የጎዳት የወተት ማነስ ነው ብሎም ደመደመ። አንድ ጓደኛውን ለምኖ የእሱንም ድርሻ ጨመረላት፤ ጣሳዋ አፏ ድረስ ሞልታ መምጣት ጀመረች። አልጠጣም ስትለው አፍንጫዋን ይዞ ያጠጣት ነበር። እንግዲህ ፍቅር መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ሚጢጢ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። ሐኪም ቤት የተቀበለቻቸው ሐኪም የአባትየውን ሥራ ጠየቀች፤ ስትሰማ ጊዜም አራቱም ደም እንዲሰጡ አዘዘች። አቅላጩ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ የታመመችው ልጄ ናት እያለ ቢያጉረመርምም ሰጠ። ውጤቱ ሲደርስ አራቱንም አስጠራቻቸው።

"በደምዎ ያለው እርሳስ ብዙ ነው፤ የጠበቅኩት ነው" አለችው ሐኪሟ። "በባለቤትዎ ትንሽ አለ፤ የሥራ ልብስዎን ስለሚያጥቡ ይሆናል። የትልቋ ከሁላችሁም ያነሰ ነው። የትንሿ ግን ከእርስዎም ይበልጣል።"

አቅላጩ ተሳስተሻል አላት። ሚጢጢ መጋዘኑን በዓይኗ አይታው እንደማታውቅ፣ ጭስ የሚባል እንዳልነካት ማለላት። ሐኪሟ ታግሳ አስረዳችው። እርሳስ ጭስ መሆን አያስፈልገውም፤ በአፍ ይገባል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሕፃን ላይ ሲሆን አእምሮን ይጎዳል። ከዚያ ሁለቱን ልጆች አየቻቸው።

"አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፣ አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት። ትንሿ የምታገኘው፣ እህቷ የማትቀምሰው ነገር አለ?"

እናትየው ዞራ ባሏን አየችው። እሱ ወለሉን ያያል። የመለሰችው ትልቋ ናት፣ አስተማሪ እንደጠየቃት ተማሪ ቀጥ ብላ።

"ወተት። እኔ አልጠጣም። ጋሼ የልጄ ነው ብሏል።"

ሐኪሟ ወተቱ በምን እንደሚመጣ ጠየቀች። አቅላጩ ስለ ጣሳዋ መናገር ጀመረ፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ክዳኗ፣ ስለ መገጣጠሚያዋ። ውስጧን በእርሳስ መለበጡ ላይ ሲደርስ የሚናገረውን ራሱ ሰማው። እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ጨረሰ። ወተት መርዙን ያጥባል አይደል ወይ ሲላት፣ አያጥብም አለችው። ትድናለች ወይ ሲላትም አልዋሸችውም።

"ከዚህ በላይ እንዳይጎዳት መድኃኒት እንሰጣታለን። ከአእምሮዋ የሄደው ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም።"

መንገድ ላይ እናትየው ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። አቅላጩ ከኋላ ይጎተታል። ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ፣ ሳትዞር፣ ድምጿንም ከፍ ሳታደርግ ተናገረችው።

"አንዷን እንኳ ስለጠላህልኝ እግዜር ይስጥህ።"

እስከ ዛሬ ከሰማው ሁሉ የከፋ ምስጋና ነው፤ ከዚያ የሚያንስም አይገባውም።

በነጋታው ከሥራ ሲመለስ ሚጢጢ በለመደችው ቦታ ተቀምጣ ጠበቀችው። ባዶ እጁን ነው የገባው። ከእንግዲህ ወተት የለም አላት። ለምን ስትለው፣ ስለሚያምሽ ነው አላት፤ ግን አልገባትም፤ ነገር ቶሎ የሚገባት ልጅ መሆኗ ቀርቷል። እጁን አየች። ከዚያ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን እህቷን ብዙ አየቻት። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ሲጠፋባት እየተወች፣ ሲመጣላት እየያዘች ጠየቀችው።

"አባዬ፣ አሁን... ልጅህ እሷ ናት?"

አቅላጩ አይደለችም ሊላት አፉን ከፈተ። ትልቋ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም፤ የሚመልሰውን እሷም እየጠበቀች ነበር።